የአማቴ ፎቶግራፍ በግድግዳዎ ላይ የማይሰቀልበት ምክንያት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የመላው ቤተሰብዎንና ዕረፍት የሚባል ነገር የማያውቁትን የምርመራ ማሽኖችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፈው ትንሽ እየፈራሁ ነው፤ በእርስዎ ተቋም "ደህና ነኝ" የሚለው ገና በደንብ ያልተመረመረ ሰው ብቻ መሆኑን ቤተሰቤ በሚገባ ተምሯልና።

ባለፈው ሳምንት ከሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ አንዲት ትሑት ሠራተኛ ደውለው፣ የባለቤቴን እናት "የዓመቱ አርአያ ተገልጋይ" አድርጋችሁ እንደመረጣችኋቸውና ፎቶግራፋቸው በዋናው መግቢያ ግድግዳ ላይ በትልቁ ሊሰቀል እንደታሰበ አበሠሩኝ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውንም በሚያምር ድምፃቸው አነበቡልኝ፤ "በጊዜ መጣሁ፤ በጊዜ ዳንኩ" ይላል። የቤተሰቡን መልስ በጽሑፍ እንድናሳውቅ ስለተጠየቅን እነሆ እጽፋለሁ። ፎቶው የሚሰቀለው ለሕዝብ እስከሆነ ድረስ መልሱም ለሕዝብ ቢሆን ቅር እንደማይልዎ በማመን፣ ደብዳቤውን ለጋዜጣም ልኬዋለሁ።

በመጀመሪያ አማቴን ላስተዋውቅዎ። የልባቸው፣ የጭንቅላታቸውና የአጥንታቸው ፎቶ እናንተ ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሳቸውን ግን አታውቋቸውም። አማቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ዛሬም "ተቆጣጣሪዋ" ነው የሚላቸው። እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ዐይኑን የሚጨፍን ተሳፋሪ፣ ኪሱን ለረጅም ጊዜ እየዳበሰ መውረጃው እስኪደርስ የሚጠብቅ ባለ ከረባት፣ ማንም ቢሆን ከእሳቸው አያመልጥም ነበር። ባለቤቴ ራሱ በልጅነቱ የትኬቱን ሳንቲም ለከረሜላ አውሎት ሲገኝ፣ "የእኔ ልጅ መሆን ትኬት አይደለም" ብለው ሾፌሩን አስቁመው በመንገድ መሐል አውርደውታል። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱን ተዉ እንጂ ቁጥጥሩን አልተዉም፤ ይዘውት እኔ ቤት ገቡ።

እኔ ቤቴ ውስጥ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። አማቴ ከስፌት ማሽኔ ፊት ለፊት ወንበራቸውን አስቀምጠው እያንዳንዱን ቅምቅማት ይመረምራሉ። "ይሄ መጋረጃ ነው ወይስ የተኮሳተረ ሰው ግንባር?" ይሉኛል። እኔም ዝም አልልም። ቤታችን ውስጥ ጠዋት በጠብ ተጀምሮ ማታ በጠብ ይዘጋል፤ በመሐሉ ግን ሁለታችንም አንዳችን ያለ አንዳችን ምግብ አንቀርብም። ጸጥታን አንዳንዴ አልተመኘሁም አልልም፤ ሆስፒታልዎ ምኞቴን በሐኪም ትእዛዝ ይፈጽምልኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

እናንተ ዘንድ የመጣነው በእኔ ምክንያት ነው። የማሽኑ መርፌ አውራ ጣቴን ወጋኝና ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። አማቴ "አንቺ ሰው ፊት ስትቀርቢ አፍሽ ይታሰራል፤ እኔ ልናገርልሽ" ብለው ተከተሉኝ። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር እስከ ላይኛው ፎቅ በደረጃ ወጣን። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ጸሐፊው የሚያውቀውን ሰው ከወረፋው ፊት ሲያስገባ አማቴ በዐይናቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጸሐፊው ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል። በዚያው ቅጽበት፣ ከደረጃው ገና ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ እጃቸው ገና ከጸሐፊው መስኮት ሳይወርድ፣ "የቅድመ መከላከል ሳምንት" የሚል ጥብጣብ ያጠለቀች ፈገግተኛ ሠልጣኝ መጥታ ክንዳቸውን ያዘችና የደም ግፊታቸውን ለካች። ክቡርነትዎ፣ ያን ዕለት የተለካው የደረጃውና የወረፋው ንዴት ነው። የእኔ ጣት የመርፌው ስባሪ ወጥቶለት፣ ታጥቦ ታሸገና በዚያው ዳነ። አጃቢዬ ግን ታማሚ ሆነው ወጡ።

ከዚህ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

አንደኛ፣ የልብ ክፍልዎን አመሰግናለሁ። አማቴ ደረታቸው ላይ ገመድ ተለጥፎላቸዋል፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ ታይቷል፣ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ እንዲራመዱ ተደርጓል፣ ደማቸው ደጋግሞ ተቀድቷል። ሁሉም ንጹሕ ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን እያገላበጡ "የወጣት ልብ ነው ያላቸው" አሉን፤ ቀጥለውም "ለማንኛውም መድኃኒት እንጀምርላቸው" አሉ። "ለማንኛውም" በሌላ ቦታ ወሬ መዝጊያ ነው፤ በእርስዎ ሆስፒታል ግን መድኃኒት ቤት መክፈቻ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ። አረፍ ብለው፣ ተረጋግተው፣ ማንም ሳያናድዳቸው ግፊታቸውን እንደገና መለካት ለማንም አልታየውም። አማቴ በዚያ ምንጣፍ ላይ ሲራመዱ በሩ ላይ አንድ ሰው ፊቱ ዐመድ መስሎ ደረቱን ይዞ ቆሞ ነበር። ማሽኑ እስኪለቀቅ ይጠብቅ ነበር። ያ ሰው ምን እንደደረሰበት አላውቅም፤ ምናልባት እርስዎ ያውቁ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ማዞሩን በተመለከተ ያሳያችሁትን ትጋት አደንቃለሁ። የጤነኛ ሰው ግፊት በመድኃኒት ሲወርድ፣ አማቴ ከወንበራቸው ብድግ ባሉ ቁጥር ቤቱ ይዞርባቸው ጀመር። የልብ ሐኪሙ "ማዞር የእኔ ክፍል አይደለም" ብለው ወደ ነርቭ ላኩን። ነርቭ ክፍል ሲቲ ስካን አዘዘ፤ ምንም አላሳየም። ምንም ስላላሳየ ኤም አር አይ ያስፈልጋል ተባለ። አማቴ ከዚያ ዋሻ ሲወጡ "ይሄስ ከእኔ የባሰ ጯሂ ነው" አሉ፤ ለብዙ ወራት የሰማሁት የመጨረሻ ቀልዳቸው ይህ ነው። ኤም አር አዩ "ለዕድሜያቸው የሚጠበቅ" የሚል ውጤት አመጣ። ጆሯቸውም ተመረመረና፣ መርማሪው ከመስታወቱ ወዲያ ለጓደኛው ስለ ምሳ ሲያንሾካሹክ መስማታቸውን ነገሩት። ይህ ሁሉ ጤና ከተረጋገጠ በኋላ፣ ለማንኛውም፣ የማዞር ክኒን ተጨመረላቸው። ምን እየወሰዱ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጸጥታው። የማዞሩ ክኒን ሠርቷል፤ አማቴ መነሣት ስለተዉ ማዞሩ ቀነሰ። ቀስ በቀስ ፊታቸው መንቀሳቀስ አቆመ። አልሣቅ፣ አልቆጣ አሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት "እማዬ በስተመጨረሻ ሰከነች" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አላማረኝም። አንድ ቀን ሆን ብዬ የመጋረጃ ጫፍ አጣምሜ ሰፋሁና ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት። ለረጅም ጊዜ አዩት። "ቆንጆ ነው" አሉኝ። "እጅሽ ይባረክ።" ክቡርነትዎ፣ በትዳር ዘመኔ ከአማቴ አፍ ምርቃት የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ሰውነቴም ያን ቀን ነው የቀዘቀዘው። ወዲያው ባለቤቴን ጠርቼ "እናትህን ሆስፒታል እንውሰዳቸው" አልኩት። እነሆ፣ በራሳችን እግር እንደገና ወደ እናንተ መጣን።

በዚያን ጊዜ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳረፈ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሦስተኛው ሐኪምዎ እጁን አዩ፣ አራመዷቸው፣ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው አሉና ሌላ ክኒን ጨመሩ። እግረ መንገዳችንንም "የወርቃማ ዘመን ጥቅል" የምትሉትን የአረጋውያን ምርመራ አስጀመሩን። አጥንታቸው ተመዘነ። አንድም ቀን ስለ ሆዳቸው ያላማረሩ ሴት፣ የተሰጣቸው የሆድ ማጠቢያ መድኃኒት ሆዳቸው ባዶ እስኪሆን ሲያስቀምጣቸው ውሎ አንጀታቸው በካሜራ ታየ። ከአልጋ መጸዳጃ ቤት ደግፌ የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። "ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" ይሉኝ ነበር። አንጀታቸው ንጹሕ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ።

አራተኛ፣ ስለ ተሳፋሪዎቹ። ከሦስተኛው ክኒን በኋላ አማቴ ሳሎናችን ውስጥ ሰዎች ማየት ጀመሩ። ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ሕፃን ታቅፈዋል። ባለቤቴ አጠገባቸው ተንበርክኮ "ምንድን ናቸው እማዬ?" አላቸው።

"ተሳፋሪዎች ናቸዋ። ትኬት ግን የላቸውም።"

"ታዲያ ምን አልሻቸው?"

"ምን እላቸዋለሁ። ይቀመጡ፤ ደክሟቸዋል።"

ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ስከተለው ግቢው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ አገኘሁት። "እኔን እንኳ አውርዳኝ ነበር እኮ" አለኝ። ሰው የሌለበትን ሶፋ በሰው መሙላታቸው አይደለም ያስለቀሰው፤ ያለ ትኬት የተሳፈረን ሰው ዝም ብለው ማሳለፋቸው ነው። እናቱ እንደሌሉ ያወቀው በዚያ ነው። አራተኛው ሐኪምዎ ግን ነገሩን ቀለል አድርገው አዩት፤ ተሳፋሪዎቹን የሚያስወርድ አራተኛ ክኒን አዘዙ።

አምስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬያለሁ። አማቴ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። በየእሑዱ ይደዋወላሉ፣ በየእሑዱ ይጣላሉ፣ አንዱ ስልኩን በሌላው ጆሮ ላይ ይዘጋል፤ በሚቀጥለው እሑድ የዘጋው ቀድሞ ይደውላል። አማቴ በእናንተ መድኃኒት ውስጥ ሳሉ ወንድማቸው ዐረፉ። ባለቤቴ እጃቸውን ይዞ ነገራቸው። "እሺ" አሉ። ቀብሩ ላይ ወሰድናቸው። በለቀስተኛው መሐል፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቁጭ አሉ። ዕንባ አልወጣቸውም። ዘመድ "ምን ያህል ጠንካራ ናቸው" እያለ አደነቀ።

ስድስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ለአንዲት ሐኪም ነው፤ ይህኛው ምስጋና ግን ከልቤ ነው። የአራተኛው ሐኪምዎ ቀጠሮ ላይ ስንደርስ እሳቸው ለስብሰባ ውጭ ሄደው ኖሮ አንዲት ተተኪ ሐኪም ተቀበሉን። መድኃኒቱን ሁሉ አምጡ ስላሉን ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። ሐኪሟ አንድ በአንድ እያነሡ አነበቡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ከዚህ ሁሉ በፊት ምን አሟቸው ነበር?" አሉኝ።

መልስ ፈለግሁ። ወደ ኋላ ሄጄ፣ ሄጄ፣ ያገኘሁትን ተናገርኩ። "የእኔ ጣት" አልኩ።

አልሣቁም። አማቴን አረፍ አድርገው አስቀመጧቸው፣ ስለ አውቶቡስ ጠየቋቸው፣ ቆይተው ግፊታቸውን ለኩ። በሌላ ቀንም ለኩ። ከዚያ ክኒኖቹን እንደ አውቶቡስ ጣቢያ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደሯቸውና፣ "ይሄኛው የዚያኛውን ጉዳት ለማከም ነው፤ ያኛው ደግሞ የፊተኛውን። የፊተኛው ግን ከመጀመሪያውም አያስፈልጋቸውም ነበር" አሉን። በራሳችን አንዱንም እንዳናቋርጥ አስጠነቀቁን፤ በየተራ፣ እያዩዋቸው፣ ቀስ እያሉ ቀነሱላቸው። አንድም ፎቶ አላነሡም። አንድም አዲስ ክኒን አልጻፉም። በየመሐሉ ስልክ እየደወሉ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቁን ነበር፤ ይህ በተቋምዎ ደንብ ውስጥ ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነ አላውቅም።

ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ ተሳፋሪዎቹ ወረዱ። ከዚያ አንድ ጠዋት የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ስከፍት ከኋላዬ፣ "ይሄን ጠማማ ነገር ማን ነው የሰቀለው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ግንባራቸውን ቋጥረው መጋረጃውን ያያሉ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና "እኔ ነኝ እማማ" አልኳቸው። "አንቺማ መሆንሽን ዐውቃለሁ፤ የጠየቅሁት ለምን እንደሆነ ነው" አሉኝ። እንደዚያ ቀን ስሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው እስከ እሑድ ብቻ ቆየ። እሑድ ስልካቸውን ታቅፈው ዋሉና "ወንድሜ ለምን አይደውልም?" አሉን። ባለቤቴ እንደገና እጃቸውን ይዞ፣ እንደገና ነገራቸው። ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ቀብሩ ላይ ነበርኩ?"

"ነበርሽ እማዬ።"

"አለቀስኩ?"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። "አላለቀሱም እማማ" አልኩ እኔ።

"ታዲያ እኔን መስሎ የተቀመጠው ማን ነበር?" አሉ።

ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ ጥቁር ልብስ ተሰቅሎ ካበቃ በኋላ፣ አማቴ ወንድማቸውን ብቻቸውን አለቀሱ። የሚያስተዛዝን ሰው ብንጠራ እንኳ ምን ብለን እንደምንጠራ አናውቅም ነበር። ክቡርነትዎ፣ መድኃኒቱን ሐኪሟ አስቁመዋል፤ ያን ቀብር ግን በየትኛውም መስኮት ተመላሽ ማድረግ እንደማይቻል ጠይቄ ተረድቻለሁ። ግራ እጃቸውም ዛሬ ድረስ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሊተዋቸው ይችላል፣ ላይተዋቸውም ይችላል ተብለናል።

ሆስፒታልን የምጠላ ሰው አድርገው እንዳይወስዱኝ። የጎረቤቴ ልጅ ትርፍ አንጀቷ ሲፈነዳ ያዳናት የእናንተው ቀዶ ሐኪም ነው፤ እኔም በጣቴ ምስክር ነኝ። የታመመን ስታክሙ ጎበዞች ናችሁ። የሚያስቸግራችሁ ያልታመመ ሰው ሲገጥማችሁ ነው፤ እሱን አመስግኖ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ክፍል የላችሁም። አንድ እንደዚያ ያለ ክፍል በአጋጣሚ ተከፍቶ ነበር። ምስጋናችንን ልናቀርብ ስንሄድ ግን ሐኪሟን ከቦታቸው አጣናቸው። በሥራ ግምገማ ላይ ከሁሉም ያነሰ ምርመራ ያዘዙ እሳቸው ሆነው በመገኘታቸው፣ ለሥራ ቅጥር የጤና ምስክር ወረቀት ወደሚፈረምበት ምድር ቤት ተዛውረዋል አሉን። ወርደን አየናቸው። በጤነኛ ወጣቶች ወረቀት ላይ ማኅተም ያሳርፋሉ። "እማማ እንዴት ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ። "ተሳድበዋል" አልኳቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያን ዕለት የሣቀ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ስለ ፎቶግራፉ። "በጊዜ መጣሁ፤ በጊዜ ዳንኩ" የሚለውን ለአማቴ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። "ውሸቱን ማን ጻፈው?" አሉ። ሠራተኛዋ ትሑት መሆናቸውንና መልስ እንደሚጠብቁ ስነግራቸው፣ "በያቸው፤ መጀመሪያ ያቺን ሐኪም ወደ ክፍሏ ይመልሷት። ግድግዳ ላይ መሰቀል ያለበት የማን ፊት እንደሆነ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን" አሉኝ። ቤተሰቡ በዚህ መልስ ተስማምቷል፤ በቤታችን ታሪክ እኔና አማቴ በአንድ ሐሳብ ስንገናኝ፣ ያለ መድኃኒት፣ የመጀመሪያችን ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ ድረስ የአማቴን ፊት፣ ስም፣ አጥንትም ሆነ አንጀት ለማስታወቂያ እንዳትጠቀሙ በትሕትና እየከለከልኩ፣ መልሱን እኔም ሆንኩ ደብዳቤውን ያነበቡ ሰዎች ሁሉ እየጠበቅን መሆኑን አስታውቃለሁ።

ጤናዎ እንዳይጓደል፣ ቢጓደልም ሆስፒታልዎ ሳይሰማ እንዲያገግሙ ከልብ እየተመኘሁ፣ በተለመደው ትዕግሥትዎ ይህን እስከ መጨረሻው ስላነበቡልኝ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የተቆጣጣሪዋ ምራት፣
መጋረጃ ሰፊዋ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው ወር የመኖሪያ ቤትዎን መጋረጃ ልለካ ስመጣ፣ ክቡርነትዎ ወገብዎን አሞዎት ሳሎን ውስጥ ተጋድመው ነበር። ባለቤትዎ "ፎቶ አያስፈልግም፣ ዝም ብሎ ሲተኙለት በራሱ ይተዋል ብለው እምቢ አሉ" ብለው አጫወቱኝ። መጋረጃውን ልሰቅል ስመለስ ደግሞ አትክልት ሲኮተኩቱ አየሁዎ። እንኳን ለዚህ አበቃዎ። ለወደፊቱ እኛም እንድንጠቀምበት፣ ያ ሕክምና በሆስፒታልዎ በየትኛው ክፍል እንደሚሰጥ ቢያሳውቁን ውለታዎን አንረሳም።